አጥንቱና የሚስቱ ጊታር

ሆስፒታላችን ውስጥ በስሙ የሚጠራው የፈረቃ ዝርዝሩ ብቻ ነበር። ሌሎቻችን «አጥንቱ» እንለዋለን። ቀጭን ነው፤ በር ሲያልፍ ጎንበስ ይላል፤ ሥራው ራጅ ማንሳት ስለሆነም ከጠዋት እስከ ማታ የሚያየው የሰው አጥንት ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ የእኔና የእሱ ክፍል አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ ግድግዳ ግራና ቀኝ ሠርተናል። እኔ ጥርስ ስቦረቡር ድምፁ እሱ ዘንድ ይሰማል፤ እሱ «ትንፋሽህን ያዝ... በል አሁን ተንፍስ» ሲል እኔ ዘንድ ይሰማል። አንዳንዴ የኔው ታካሚ አፉን ከፍቶ እንደተጋደመ የእሱን ትእዛዝ ሰምቶ ትንፋሹን ይይዝብኝ ነበር።

ረፋድ ላይ ፋታ ሲያገኝ ይመጣና የታካሚ ወንበሬ ላይ ይጋደማል። «እስቲ ወደ ኋላ ዘንበል አድርገኝ» ይለኛል። ከዚያ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ስለ ጊታር ያወራል። ስለ ማንኛውም ጊታር አይደለም። የናይለን ክር ያለው፣ በጣት ብቻ የሚመታ፣ ክላሲካል የሚባለው ዓይነት ነው፤ እሱም አሮጌ መሆን አለበት። «አዲስ ጊታር ገና አፉን ያልፈታ ልጅ ነው» ይላል። «እንጨቱ ሃምሳ ስድሳ ዓመት ካልደረቀ ምን ያወራል?» ኤሌክትሪክ ጊታርን ደግሞ ሶኬት ላይ የተሰካ ጩኸት ነው ብሎ በአንድ ቃል ይዘጋዋል።

ቤቱ ዘጠኝ ጊታሮች ነበሩት። ከአሮጌ ዕቃ መደብር፣ ከፈረሰ የሙዚቃ ጓድ፣ ከሟች ቤት፣ ከትምህርት ቤት መጋዘን የለቀማቸው ናቸው። አንገቱ የተጣመመውን ያቃናል፤ የተላቀቀውን በኮላ ይለጥፋል፤ መቃኛው የዛገውን በዘይት ያሻል። አንድ የበዓል ቀን ሆስፒታሉ ጭር ሲል አንዱን ጊታር ራጅ ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ አነሳው። የሕንፃው ኃላፊ በአጋጣሚ ገብቶ ያዘው።

«ታማሚው ማነው?» አለው።

«ይሄው ነው» አለ አጥንቱ ሳይስቅ። «ደረቱን ያመዋል።»

ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። ፊልሙን ግን አልጣለውም፤ የውስጡ መደገፊያ እንጨቶች እንደ ጎድን አጥንት ተደርድረው ይታያሉ። እኛም ሰውየው ጊታር ይሰበስባል፣ ትንሽ ነካ አድርጎታል፣ ይሁን ብለን ተውነው። ሱስ አይደለ፣ መጠጥ አይደለ።

ነገሩ ሌላ መሆኑን ያወቅሁት የጥርስ መስተዋት ሊዋሰኝ የመጣ ዕለት ነው። እጀታዋ የረዘመ፣ ጫፏ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች መስተዋት አለችኝ፤ ከኋላ ያለውን ጥርስ የማይባት።

«የቱን ነው ያመመህ?» አልኩት።

«ለኔ አይደለም» አለ። ወንበሩ ላይ አልተጋደመም፤ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። «ጊታር ሆድ ውስጥ ማየት አለብኝ። የምፈልገው ጊታር ምልክቱ ከውስጥ ነው።»

ያን ቀን ነገረኝ። ከፊሉን አውቀው ነበር፤ ጊታሩን ግን አላውቅም።

ሚስቱ የሒሳብ አስተማሪ ናት። አባቷ በዚያው ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ያስተምሩ ነበር። ጎረቤታቸው የነበረ አንድ አዛውንት ተጫዋች ልጆቹ ዘንድ ሊኖር ሲሄድ፣ ከእሱ ዕድሜ በላይ የቆየ ጊታር ለአባቷ ትቶላቸው ሄደ። ፊቱ ዝግባ ነው፤ ጀርባው ጠቆር ያለ ጠንካራ እንጨት። ውስጡ የተለጠፈው ወረቀት ቡኒ ሆኗል፤ የሠሪውን ስም ግማሹን ምስጥ በልቶታል። እሷ የተማረችው በእሱ ነው። አንድ ዓመት በጋው በጣም ሲደርቅ የጊታሩ ፊት ተሰነጠቀ። አባቷ በእጃቸው የገባውን እንጨት፣ የተማሪ ማስመሪያ ቁራጭ፣ ከውስጥ በኮላ ለጥፈው ስንጥቁን ዘጉት። በክቡ ቀዳዳ መስተዋት ቢገባ የማስመሪያው ቁጥሮች ይታያሉ፤ ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ሰባት።

አጥንቱ ራሱ ያኔ ጊታር መያዝ እንኳ አያውቅም። እሷ ስትጫወት ወንበር አይዝም፤ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ትንሿ ልጃቸው ደግሞ እግሩ ላይ። ልጅቷን አውቃት ነበር። የወተት ጥርሷን የነቀልኩላት እኔ ነኝ፤ ጥርሱን በወረቀት ጠቅልዬ ስሰጣት «ሌላውን መቼ ልምጣ?» ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ከሰውነቷ ትንሽነትና ከለፍላፊነቷ የተነሳ «ድምቢጥ» ይሏታል።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት ጉልበቷን አመማት። ገመድ ስትዘል ነው ተባለ። እናቷ ይዛት መጣች፤ ራጅ ያነሳት አባቷ ነው። ያኔ ፊልም በእጅ ነበር የሚታጠበው፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ። ከዚያ በኋላ ያለውን ረጅም አላደርገውም። ሐኪሙ የነገራቸው ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ስምንት ወር አስታመሟት፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ አልጋዋ ላይ ሞተች።

ከቀብሩ ሦስት ሳምንት በኋላ አጥንቱ ከሥራ ሲመለስ ጊታሩ ከግድግዳው የለም። ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል።

«የት ሄደ?» አላት።

«ለሰው ሰጠሁት። አትጠይቀኝ» አለችው።

አልጠየቃትም። በዚያ ሰሞን ቤታቸው ውስጥ የማይጠየቅ ነገር ብዙ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን የተማሪ ፈተና ስታርም በቀኝ እጇ ቀዩን እስክሪብቶ ይዛ፣ የግራ እጇ ጣቶች ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሲንቀሳቀሱ አየ። ይጫናሉ፣ ይነሳሉ፣ ይሸሻሉ። እሷ ልብ አላለችም። እሱ ግን አንገቷን አቀርቅራ በጣቶቿ የምትፈልገውን ነገር ያወቀ መሰለው። በሐዘን ተቻኩላ ሰጥታው አሁን ቆጭቷታል፤ ለመናገር ግን አልቻለችም፤ እንዲህ ብሎ ደመደመ። እመልስላታለሁ አለ። ለእሷ ሳይናገር።

ፍለጋው ይኸው ነበር። ዘጠኙ ጊታሮች ሲፈልግ መንገድ ላይ ያገኛቸው ናቸው።

«ያንተ ካልሆኑ ለምን ታመጣቸዋለህ?» አልኩት።

«እንዴት ብዬ ትቻቸው ልምጣ?» አለኝ። አንዴ የአንድ ሙዚቀኛ ሚስት የነበሩ አሮጊት ቤት ሄዶ የሟቹን ጊታር አወረዱለት። በእጅ ባትሪ ውስጡን አየ፤ ማስመሪያ የለም። «ሴትዮዋ አጠገቤ ቆመዋል። የባላቸውን ጊታር አፉን ከፍቼ ካየሁ በኋላ 'አይ፣ አይሆነኝም' ልበላቸው? አፈርኩ። ወሰድኩት።» እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስተኛው ሰባተኛው መጣ። መጠገን ተማረ። ከጠገነ በኋላ ዝም ብሎ መስቀል ደስ ስላላለው መጫወትም ተማረ፤ በአርባ ዓመቱ፣ እንደ ሕፃን ጣት በጣት። የሰቀላቸው የድምቢጥ ክፍል ውስጥ ነው። ሚስቱ እዚያ ክፍል አትገባም። ሲጫወት በሩን ይዘጋል፤ እሷ ደግሞ ራዲዮኑን ከፍ ታደርጋለች። እሱ ይህን ሁሉ ዓመት ራዲዮ የምትወድ ይመስለው ነበር።

መስተዋቷን ሰጠሁት። አላስመለስኩትም።

ከዚያ ቀን ወዲህም አራት ዓመት ፈለገ፤ በጠቅላላው አሥራ አራት ማለት ነው። አንድ ጠዋት እጇ ተሰብሮ የመጣች የጨርቅ ነጋዴ አገኘ። እጇን አስተካክሎ እያስቀመጠ እንዳትፈራ ብሎ ወሬ ይጠይቃታል፤ ከየት እንደመጣች ነገረችው። የአራት ሰዓት መንገድ ነው፤ አውቶቡሱ መጨረሻ የሚቆምባት ትንሽ ከተማ። እዚያ ጊታር ያለው ሰው ታውቂያለሽ ወይ አላት፤ ለሁሉም ታካሚ የሚያቀርበው ጥያቄ ነው።

«የሚጫወት ሰው አላውቅም» አለችው። «ፀጉር አስተካካዩ ቤት ግን አንድ አሮጌ ተሰቅሏል። ክር እንኳ የለውም። ፊቱ ላይ ቀጭን ጠባሳ አለው።»

ግድግዳውን በቡጢ ደበደበ። ታካሚዬን አፉን እንደከፈተ ትቼው ሄድኩ። አጥንቱ ነጭ ጋውኑን አጣምሞ ቆልፎ ቆሟል። «ቅዳሜ ሥራ አለህ?» አለኝ።

ቅዳሜ አብረን ሄድን። ፀጉር ቤቱ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ነው፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ ትልቅ መስተዋት፣ ጥግ ላይ የተጠራቀመ ፀጉር። አስተካካዩ ወፍራም፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ጊታሩ ከመስተዋቱ በላይ ተሰቅሏል፤ አቧራ የለበትም። አጥንቱ ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልሰጠም።

«ጌታዬ፣ አንዴ ላየው?»

ሰውየው አየው፣ እኔን አየኝ፣ ወንበር ላይ ወጥቶ አወረደው። አጥንቱ መስተዋቷን ከኪሱ አውጥቶ በክቡ ቀዳዳ አስገባት። እኔ በእጅ ባትሪ አበራለታለሁ።  ቁጥሮቹ ተገልብጠው ታዩ። አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ አራት። መስተዋቷን አወጣትና ደንበኛ የሚጠብቅበት አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ። ጊታሩን አላቀፈውም፤ እጁን ብቻ ጣል አደረገበት።

«የባለቤቴ ነው» አለ።

አስተካካዩ መቀሱን አስቀመጠ። «አስታውሳታለሁ» አለ። «ከአውቶቡስ ወረደች፤ እንደ ሕፃን አቅፋዋለች። በሩ ላይ ቆማ 'ጊታር መጫወት ትችላለህ?' አለችኝ። አልችልም አልኳት። 'ቤትህ ውስጥስ የሚችል አለ?' የለም አልኳት። 'ጥሩ ነው' ብላ ሰጠችኝ። ክሮቹን እዚሁ ቁጭ ብላ በኔው መቀስ ቆረጠቻቸው። 'ሰው እንዳይጫወትበት' አለችኝና በዚያው አውቶቡስ ተመለሰች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አልሰጠሁም፤ ስንቱ ለመነኝ።»

ይህን ሁሉ ሁለታችንም ሰምተናል። እንደ ፀሐይ ግልጽ ነው። አስተካካዩም ቀጥሎ በትክክል ጠየቀው።

«ባሏ ከሆኑ መቼም ምን እላለሁ። ግን ፈልጋዋለች? እሷ ናት የላከችዎት?»

አጥንቱ ቀና ብሎ አየው። «አዎ» አለ።

ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን እኔ አውቃለሁ። በሕይወቱ ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም፤ ስለዚህ ይሆናል ምላሴ የተሳሰረው። አሥራ አራት ዓመት ሲፈልግ የኖረን ሰው ፊት ለፊት እያየሁ «ተው» ማለት አቃተኝ። ዛሬም ድረስ ያን ዝምታዬን አልረሳውም። ጊታሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ይዘን ተመለስን። መንገዱን ሁሉ እንደ ልጅ ፈገግ ይላል።

ሳምንት ሙሉ ሆስፒታል አስቀመጠው፤ የራጅ ክፍሉ ቁም ሳጥን ውስጥ። መቃኛውን አጸዳ፤ ፊቱን በለስላሳ ጨርቅ አሸ፤ አዲስ ክር አሰረለት። አንድ ጊዜ ብቻ በግድግዳው በኩል ስድስቱን ክር አንድ በአንድ ሲቃኝ ሰማሁት። ወፍራም፣ ገራገር ድምፅ ነበረው። እውነትም አፉን የፈታ ጊታር ነው ብዬ ለራሴ ተናገርኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወስዶ ሰጣት። እንዴት እንደሆነ ሰኞ ነገረኝ፤ ወንበሩ ላይ ተጋድሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

ሚስቱ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ብርድ ልብሱን ገለጠው። የምታለቅስ መስሎት ነበር፤ የምትስቅም መስሎት ነበር። ሁለቱንም አላደረገችም። በእጇ የያዘችውን ሸሚዝ አጣጥፋ ጨረሰች። ከዚያ አንዱን ክር በጣቷ ነካችው፤ ድምፁ ሳያልቅ በመዳፏ አፈነችው።

«ማን አምጣ አለህ?» አለችው።

«ትፈልጊዋለሽ ብዬ...»

«ማን አምጣ አለህ?»

 ወደ ጓሮ ወጣች፤ የደረቀውን ልብስ ሁሉ አውርዳ ጨርሳለች፤ ባዶውን ገመድ ይዛ ብዙ ቆመች። ሦስት ቀን አላናገረችውም። ምግብ ታቀርባለች፣ ሥራ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። እሱም ጊታሩን የት ያድርገው? ግድግዳው ላይ አይሰቅለው፣ ከዘጠኙ ጋር አይቀላቅለው። አልጋ ሥር አስገባው፤ እሷ ግን እዚያ እንዳለ ስላወቀች ሳሎን ተኛች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ካፖርቷን ለብሳ በሩ ላይ ቆመች። «ካመጣህበት እንመልሰው» አለች።

አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ጊታሩን እሱ በጉልበቶቹ መሃል ይዞታል። ግማሽ መንገድ ሲሆን ተናገረች። የተናገረችውን እንደነገረኝ ነው የምጽፈው።

«መጥፋቱን እንጂ ለምን እንደጠፋ ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

«አትጠይቀኝ ብለሽኝ ነበር።»

«እሱማ ብዬ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ግን አላልኩህም።»

 እሷ በመስኮቱ እያየች ቀጠለች።

«የመጨረሻው ቀን አንተ መድኃኒት ልታመጣ ወጥተሃል። እኔ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እጫወትላታለሁ። ስምንት ወር ሙሉ ስትታመም እጫወትላታለሁ፤ ሌላ ምን አውቃለሁ? 'እማዬ፣ ይብቃሽ፤ አውሪኝ' አለችኝ። ምን ላውራት? አፌን ብከፍት የሚወጣው ለቅሶ ነው። ለቅሶዬን ካየች ደግሞ ታውቃለች። 'ይህችን ልጨርስና' አልኳት። ስጨርሳት ፈራሁ፤ መልሼ ከመጀመሪያው ጀመርኳት። ሁለተኛውን ጨርሼ ቀና ስል...»

አልጨረሰችውም። ከፊታቸው የተቀመጠች ሴት ልጇን ብርቱካን ታጎርሳለች፤ ሽታው ይመጣል። ሚስቱ «አውሪኝ ነው ያለችው» አለች። «ለፍላፊዋ ልጄ፣ ማውራት ሲያቅታት እኔን አውሪኝ አለችኝ። እኔ እንጨት ደበደብኩባት።»

አጥንቱ እጇን ሊይዝ ፈለገ፤ ጊታሩ በመሃል ሆነበት።

«ጣቶችሽ ጠረጴዛ ላይ ሲጫወቱ አይ ነበር» አላት። «የናፈቀሽ መስሎኝ።»

«ረስተውት እንደሆነ እያየሁ ነው» አለች። «እንዲረሱት ነበር የምፈልገው። እምቢ አሉ።»

ያኔ እሱም የራሱን አወጣ። ሳያስበው ነው የወጣው። «እኔ ማክሰኞ ዕለት አውቄ ነበር። ፊልሙን ከውኃው ሳወጣው አይቼዋለሁ፤ አጥንቷ ብል እንደበላው ሆኗል። ሐኪሙ ሐሙስ ነው የነገረን። ሁለት ቀን ከአንቺ ጋር እየበላሁ፣ እየተኛሁ፣ ምንም አይደለም እያልኩ...»

«አውቃለሁ» አለችው።

«ምኑን?»

«ከጨለማው ክፍል ወጥተህ ጎንበስ አልክና የጫማዋን ክር አሰርክላት። አራት ዓመቷ ካለፈ ወዲህ አስረህላት አታውቅም። 'አባዬ፣ እኔ እኮ እችላለሁ' አለችህ። አንተ ግን ቀና አላልክም። ያኔ ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«አንተስ?»

አስተካካዩ ሲያያቸው አንድም ነገር አልጠየቀም። እሷን «እትዬ፣ እንደምን ከረሙ» ብሎ ጊታሩን ተቀበላት። አጥንቱን ግን ረጅም ሰዓት አየው። «ጠይቄዎት ነበር እኮ» አለው በለሰለሰ ድምፅ። አጥንቱ ዓይኑ የሚያርፍበት ቦታ አጣ። እሷ መቀስ ለምና አዲሶቹን ክሮች አንድ በአንድ ቆረጠቻቸው። ስድስተኛው ሲቆረጥ ድምፁ ቤቱን ሞላው፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ቀና አለ። አውቶቡሱ እስኪመለስ ሁለት ሰዓት ስለነበረ አስተካካዩ አጥንቱን ወንበር ላይ አስቀምጦ ፀጉሩን ቆረጠው። ሚስቱ በመስተዋቱ ውስጥ ታየዋለች። «ከጆሮህ በላይ የሸበተውን አላየሁትም ነበር» አለችው ሲመለሱ።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሽም። ያቺ ሴት ለብዙ ወር ትቆጣው ነበር፤ መብቷም ነው። ግን ራዲዮኑን መክፈት ተወች። ዘጠኙን ጊታሮች ከድምቢጥ ክፍል አብረው አወረዱ። አንዳንዶቹን ለሚጫወት ሰው ሰጡ፤ የሙዚቀኛውን ለአሮጊቷ ሊመልስ ቢሄድ «አሁን የት ልሰቅለው ነው? ሥዕል ሰቅዬበታለሁ» ብለው መለሱት። እሱን አስቀረው። ክፍሉን ከፈቱት፤ መስኮቱ ተጣብቆ ስለነበር በመዶሻ ነው የተከፈተው። እራት ላይ አንዳቸው ስለ ልጅቷ አንድ ነገር ያነሳሉ፤ ትንሽ ነገር፣ ስለ ካልሲዋ፣ ከጎረቤት ድመት ጋር ስለመጣላቷ። አንድ ቀን ሲስቁ ራሳቸውን ሰምተው ደነገጡ።

አራት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ከዚያ ሚስቱ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆማ ቾክ እንደያዘች ወደቀች። እኛው ሆስፒታል መጣች፤ አንጎሏ ውስጥ ደም ሳይፈስ አልቀረም ተባለ። የራጅ ክፍሉ ሰዎች የጭንቅላቷን ምስል እንዲያነሳ እሱን ጠበቁ። እሱ ግን ኮሪደሩ ላይ ከእኔ ጋር ተቀመጠ። «ይህኛውን ሌላ ሰው ያንሳው» አለ። «ቀድሜ አላይም። ለሁሉም ሲነገር አብሬ እሰማለሁ።» ሁለት ቀን አጠገቧ ሆኖ አወራት። ትስማው አትስማው አናውቅም። ነርሶቹ ውኃ እያመጡለት ጉሮሮው እስኪዘጋ አወራት፤ በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ሞተች።

ጡረታ ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው። እጆቹ ትንሽ ይንቀጠቀጣሉ፤ የሙዚቀኛውን ጊታር ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ ይነካካዋል፤ ጎበዝ አይደለም፣ ሆኖም አያውቅም። ባለፈው ወር አስተካካዩ ደወለለት። ሱቁን ሊዘጋ ነው፤ ወንድ ልጁ ጋ ሊገባ ነው። የሚስቱን መሞት ሲሰማ «ዕቃውን ምን ላድርገው?» አለው። እኔም አብሬ ሄድኩ።

ቤቱ ባዶ ነበር፤ ወንበሮቹ ተነቅለው ወለሉ ላይ አራት አራት ቀዳዳ ቀርቷል። አስተካካዩ ከስቷል። ጊታሩን ሲሰጠው «በሕይወት ብትኖር ኖሮ አልሰጥም ነበር» አለ። «አደራ ነው። ይጫወቱበታል?»

አጥንቱ አሰበ። «አልጫወትበትም» አለ። «ቤት ይቀመጥ።»

አስተካካዩ ራሱን ነቀነቀ፤ ተቃቀፉ፤ ወጣን።

አውቶቡሱ ሞልቶ ነበርና ተለያይተን ተቀመጥን፤ እኔ ፊት፣ እሱ ከኋላዬ። አጠገቡ አንዲት ወጣት ነርስ ተቀምጣለች፤ የሥራ ጫማዋ በፌስታል ውስጥ አለ። ክር የሌለውን ጊታር አይታ «አባቴ፣ ጊታር ይጫወታሉ?» አለችው።

«ባለቤቴ ነበረች የምትጫወተው» አላት።

ዝም የሚል መሰለኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የማውቀው ሰው ነው፤ እዚያ ላይ ያቆማል ብዬ ጠበቅሁ። አላቆመም። ስለ ሚስቱ ነገራት፤ ሒሳብ ስታስተምር እንዴት እንደምትቆጣ፣ ስትጫወት ከንፈሯን እንዴት እንደምትነክስ። «ልጅም ነበረችን» አላት ቀጥሎ፤ ነርሷም «ስንት ዓመቷ ነበር?» ብላ ጠየቀችው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መሰልኩ። ፀሐይዋ በመስኮት ትገባለች፤ ሰውየው ያወራል፤ አንዳንዴ ድምፁ ይቆረጥና ነርሷ ትጠብቀዋለች፤ ከዚያ ይቀጥላል። አራቱን ሰዓት ሙሉ አወራ። አውቶቡሱ ቆሞ ሰው ሁሉ ዕቃውን ሲያወርድ ገና አልጨረሰም ነበር።